በአዲስ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ቤተኛ መሆንና በበጎ ፈቃድ ማገልገል የሚቻለው እንዴት ነው?

ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም በትዳር ምክንያት ሰፈር የቀየረ ኦርቶዶክሳዊ ምእመን ብዙ ጊዜ ለወራት ያስቀድሳል፤ ነገር ግን ጠበሉን ጠጥቶ፣ ተሳልሞ፣ ስሙን የሚያውቅ አንድም ሰው ሳያገኝ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እጅግ ብዙ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቅጥር ግቢ አዲስ የመጣውን ከነባሩ የሚለይ ስለማይኖር፣ መታወቅን የሚሻ ሰው ራሱ ቀርቦ የሥራ ድርሻ ሊይዝ ይገባል። በእኔ እምነት ሰው የአጥቢያው ቤተኛ የሚሆነው በቀረበት ቀን «ዛሬ ምን ሆኖ ቀረ?» የሚል ጠያቂ ሲያገኝ ነው።

መጀመሪያ አጥቢያውን ይምረጡ። ለዚህ የንግሥ ቀን አይመችም፤ በዚያ ዕለት ከየአቅጣጫው እንግዳ ስለሚጎርፍ የደብሩ የዘወትር መልክ አይታይም። በአዘቦት እሑድ ይሂዱ፣ ከቅዳሴ በኋላ ለትምህርተ ወንጌል ይቆዩ፣ አስተናባሪዎቹም ሰውን እንዴት እንደሚይዙ ያስተውሉ። ሕፃኗ ያለቀሰባት እናት በቁጣ ትወጣለች ወይስ ጥላ ያለበት ቦታ ይፈለግላታል? የወንዶችና የሴቶችን መግቢያ ያላወቀ ሰው ቀስ ተብሎ ይነገረዋል ወይስ በሰው ፊት ይገሠጻል? ርቀቱንም ያስቡበት፤ ሁለት ታክሲ ተሳፍረው የሚደርሱበት ደብር ምንም ቢወዱት ለኪዳን ጸሎትና ለሳምንታዊ አገልግሎት አያዛልቅም።

ቀጥለው ወደ ሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ይሂዱና በአባልነት ይመዝገቡ። በቃለ ዓዋዲው፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያኒቱ መተዳደሪያ ደንብ፣ መሠረት የተደራጀው ሰበካ ጉባኤ የካህናት፣ የምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ተወካዮች በአንድነት የሚቀመጡበት ስለሆነ፣ የትኛው የአገልግሎት ክፍል ሰው እንደቸገረው ከማንም በፊት ያውቃል። ከቀድሞው አጥቢያዎ መሸኛ ካለዎት ይያዙ፤ የአባልነት ክፍያውንም በደረሰኝ ይክፈሉ።

የንስሐ አባት መያዝ ደግሞ ሊዘገይ የማይገባው ነገር ነው። ከቅዳሴ በኋላ ወደ አንዱ ካህን ቀርበው፣ መስቀል ተሳልመው፣ «አባ፣ ለሰፈሩ አዲስ ነኝ፤ የንስሐ ልጅዎ ያድርጉኝ» ማለት ይበቃል። የንስሐ ልጆቻቸው በዝተውባቸው ከሆነም ሌላ አባት እንዲያመለክቱዎት ይጠይቋቸው። የንስሐ አባት ከየቤቱ ገብተው የታመመውን፣ ያዘነውንና አራስ ቤት ያለችውን ስለሚጠይቁ፣ ከጎረቤት ምእመናን ጋር የሚያስተዋውቅዎት ከእርሳቸው የተሻለ ሰው የለም።

አገልግሎቱን ሲጀምሩ በትንሹ ይጀምሩ። ብዙ አዲስ ሰው ዓይኑን የሚጥለው በመዝሙርና በመድረክ ላይ ነው፤ ይሁን እንጂ አጥቢያዎች ሁልጊዜ ሰው የሚያጡት ለጉልበት ሥራ ነው። ከበዓል በፊት ምንጣፉ ወጥቶ ይራገፋል፣ ምእመናን ጧፍ በሚያበሩበት ቦታ ወለሉ ላይ የደረቀው ሰም በቢላዋ ይፋቃል፣ ግቢው ይጠረጋል፣ ለጠበሉ ውኃ ይቀዳል። ሰም እየፋቁ ከጎንዎ ከተንበረከኩት እናት ጋር የሚጨዋወቱት ወግ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከብዙ እሑዶች ሰላምታ ይልቅ ያቀራርባል። ራስዎን ሲያቀርቡም «ምን ላግዝ?» ብለው ብቻ አይተዉት፤ «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እመቻለሁ» ብለው ቀኑን ለይተው ይናገሩ፤ ኃላፊው ሥራ ሊመድብልዎት የሚችለው ያን ጊዜ ነው። ወደ መቅደስ መግባትም ሆነ ንዋያተ ቅድሳትን መንካት ለካህናትና ለዲያቆናት የተለየ ስለሆነ፣ በጽዳት ጊዜ የማያውቁትን ዕቃ ከማንሳትዎ በፊት ይጠይቁ።

ሙያ ያለው ሰው ሙያውን ይናገር። የሒሳብ ባለሙያ የገቢና የወጪ መዝገብ በማስተካከል፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የድምፅ ማጉያውን በመጠገን፣ ነርስ በጥምቀት ዕለት የደከሙትን በመርዳት ያገለግላል። ጥር 10 ቀን ለከተራ ታቦታቱ ሲወጡ መንገዱን የሚጠርጉት፣ ምንጣፉን ከፊት የሚያነጥፉትና ካለፉበት ጠቅልለው እንደገና ወደ ፊት የሚሮጡት የየሰፈሩ ወጣቶች ናቸው፤ ለወጣት እንግዳ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላየሁም። ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. የመዘገበውን የጥምቀትን በዓል ለማየት የውጭ ጎብኚዎችም ስለሚመጡ፣ ቋንቋ የሚችል አስተናባሪ ይፈለጋል። በዕድሜ ለገፋ ሰው ደግሞ ጽዋ ማኅበር ይሻላል፤ በየወሩ በቅዱሱ መታሰቢያ ቀን፣ በ12 ለሚካኤል ወይም በ21 ለእመቤታችን፣ ጽዋው በተራ ከቤት ወደ ቤት ስለሚዞር የእያንዳንዱን አባል ደጅ ለመርገጥ ያበቃል።

በአሜሪካና በአውሮፓ ባሉ አጥቢያዎች ደግሞ ቅዳሴው ሲያበቃ ምእመኑ በአዳራሽ አብሮ መመገቡ የተለመደ ነው። እንጀራ ማቅረብ፣ ዕቃ ማጠብና በዚያ ለተወለዱ ልጆች ፊደል ማስቆጠር እጅ የሚሹ ሥራዎች ናቸው፤ በተለይ የልጆቹ ትምህርት በታማኝነት የሚዘልቅ ሰው ይፈልጋል፤ መምህሩ በየጊዜው የሚቀያየርበት ልጅ ፊደሉን ሳይጨርስ ይቀራልና።

በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ክፍል በላይ አይያዙ። ቅሬታ ቢኖርዎት በግቢው ጥግ ከማውራት ይልቅ ለክፍሉ ኃላፊ፣ ካልተፈታም ለሰበካ ጉባኤው ያቅርቡ። የሥራ ሰዓትዎ ተለውጦ ማገልገል ካልቻሉም ዝም ብለው አይቅሩ፤ ቀደም ብለው ይንገሩ፣ የያዙትን ቁልፍና መዝገብ ለተተኪው በእጁ ያስረክቡ፣ የት ምን እንደተቀመጠም ያሳዩት።