ሌዘሩ «ደከመ» ከማለታችሁ በፊት

ቡራዩ፣ ሰበታና ለገጣፎ እንጨት ላይ ፎቶና ስም የሚቀርጹ ቤቶች በዝተዋል። ብዙዎቹ የሚሠሩት በ450 ናኖሜትር ሰማያዊ ዳዮድ ሌዘር ነው። ሥራ ሲበላሽ ቀድሞ የሚወቀሰው ዳዮዱ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ዳዮዱ ደህና ነው፤ ጣጣው ያለው ፓወሩን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ክፍል ላይ ነው።

100 ፐርሰንት ላይ ሆኖም ይደበዝዛል?
ማሽኑን አጥፍታችሁ ሌንሱን በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉ። ካልተሻለው ጂአርቢኤል (ማሽኑን የሚመራው ቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም) ላይ $30 የሚባለውን የከፍተኛ ፓወር ቅንብር እዩ። እሱ 1000 ሆኖ ሶፍትዌሩ ከፍተኛውን 255 ብሎ ከላከ፣ ሌዘሩ የሚያገኘው ሩቡን ነው። ሁለቱን እኩል አድርጉ።

ጥግ ጥጉ ይከስላል?
ማሽኑ ሲታጠፍ ይዘገያል፣ ሌዘሩ ግን በዚያው ጉልበት ያቃጥላል። ጂአርቢኤል ላይ $32ን (የሌዘር ሞድ ማብሪያውን) 1 አድርጉና በኤም 3 (ፓወሩን ሳይቀያይር የሚያበራ ትእዛዝ) ፈንታ ኤም 4 (ፓወሩን ከፍጥነቱ ጋር የሚያስተካክል) ተጠቀሙ። አለቀ።

የሙሽራዋ ቬሎ ባዶ እንጨት ሆኖ ቀረ?
ፈዛዛው ክፍል የሚጠፋበት ምክንያት ይሄ ነው፦ ዳዮድ የተወሰነ ከረንት ካልደረሰው ሌዘር አያወጣም። ፓወሩ ከፍ ዝቅ የሚለው ሌዘሩን በፍጥነት በማብራትና በማጥፋት ነው። 1 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 1,000 ጊዜ) ላይ 5 ፐርሰንት ማለት በየዙሩ 50 ማይክሮሰከንድ ማብራት ነው፤ 20 ኪሎኸርዝ ላይ ግን 2.5 ብቻ። ድራይቨሩ (ለዳዮዱ ከረንት የሚሰጠው ሰርኪት) ቀርፋፋ ከሆነ ከረንቱ ሳይነሳ ሲግናሉ ያልቃል። ፍሪኩዌንሲውን ዝቅ አድርጉ። ግን አታብዙት፤ በሰከንድ 100 ሚሊሜትር እየሄደ 1 ኪሎኸርዝ ላይ በየ0.1 ሚሊሜትሩ አንድ ምት ነው። ከዚያ ከወረደ መስመሩ ነጠብጣብ ይሆናል። ወደ ዳዮዱ የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎችም አሳጥሩና እርስ በርስ ጠምዝዟቸው። ረጅምና የተራራቀ ሽቦ ከረንቱ ቶሎ እንዳይነሳ ይይዘዋል። በነገራችን ላይ፣ ኃይል እያለ የእነዚህን ሽቦዎች ሶኬት መንቀል ዳዮድ መግደያ ነው። መልሳችሁ ስትሰኩት ድራይቨሩ ያጠራቀመው ቻርጅ አንዴ ይለቀቅበታል።

ጥሩ ጀምሮ እየቆየ ይፈዛል?
ሙቀት ነው። ዳዮድ ሲሞቅ በዚያው ከረንት የሚሰጠው ብርሃን ይቀንሳል። እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ሳስቷል፤ ፋኑም የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል። ፋኑ ላይ የተጋገረውን ጥላሸት አራግፉ፣ ሙሉ ፓወር ላይም አታቆዩት።

ጎረቤት ብየዳ ሲጀምር ፈዛዛ መስመር ይወጣል?
ለ450 ናኖሜትር የተሠራ መነጽር አድርጉ፤ የፀሐይ መነጽር አይሆንም። ሌዘሩ እየሠራ የድራይቨሩን መግቢያ በመልቲሜትር ለኩ። ቮልቱ ከወረደ ስታቢላይዘር ወይም አቅም ያለው ፓወር ሰፕላይ ያስፈልጋል። ካልወረደ፣ ቦርዱንና ድራይቨሩን የሚያገናኘው ግራውንድ ሽቦ ላልቶ እንደሆነ እዩ።