ሕገ ወጥ ዓሣ ማስገርን በዝምታ የሚያልፍ መሥሪያ ቤትን በሕግ እንዴት መጠየቅ ይቻላል?

የተከለከለ መረብ በጠራራ ፀሐይ ሲጣል፣ ፈቃድ የሌለው ጀልባ ወደብ ገብቶ ዓሣውን ሲያራግፍ ዝም ብሎ የሚያይ መሥሪያ ቤት በፍርድ ቤት የሚጠየቅበት መንገድ አለ። መንገዱ ረጅም ነው፤ በቁጣ ብቻም አይዘለቅም።

በመጀመሪያ ግዴታውን ፈልጉ። የዓሣ ሀብት ሕጉንና ደንቡን አንቀጽ በአንቀጽ አንብቡ። «ሊቆጣጠር ይችላል» የሚል ድንጋጌ ለመሥሪያ ቤቱ ምርጫ ይተዋል፤ «መቆጣጠር አለበት» የሚለው ግን ምርጫ አይሰጥም። ክሳችሁን በተቻለ መጠን በሁለተኛው ላይ አቁሙት። ዳኞች ብዙ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ሥራውን በምን መንገድ እንደሚያከናውን በእሱ ፋንታ መወሰን አይወዱም፤ በሕግ የታዘዘውን ጨርሶ አለመሥራቱን ግን ይመረምራሉ።

ቀጥሎ ማስረጃ ይመጣል፤ ከሁሉም የበለጠ ድካም የሚጠይቀውም ይኸው ነው። የሕገ ወጥ አስጋሪዎች ፎቶግራፍ ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ ችሎት ሰባት የምዕራብ አፍሪካ አገሮችን ያቀፈ የዓሣ ሀብት ኮሚሽን ላቀረበለት ጥያቄ ሲመልስ፣ አንድ መርከብ የሚያውለበልበው ሰንደቅ ዓላማ ባለቤት የሆነው አገር ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ እንዳለበት ገልጿል። ግዴታው ተገቢውን ጥረት ማድረግ እንጂ ለውጤቱ ዋስትና መስጠት አይደለም። ምክረ ሐሳቡ የተሰጠው ስለ አገሮች ቢሆንም ለአገር ውስጥ ከሳሽም ትምህርት አለው፤ ጥፋት መፈጸሙን ብቻ ሳይሆን መሥሪያ ቤቱ እያወቀና እየቻለ አለመሥራቱን አሳዩ።

ስለዚህ ሁለት መዝገብ ያዙ። በአንደኛው ያያችሁትን ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የመርከቡን ስምና ቁጥር መዝግቡ። ግሎባል ፊሺንግ ዎች የተባለው ነጻ የኢንተርኔት ካርታ የብዙ ትልልቅ መርከቦችን እንቅስቃሴ ያሳያል፤ የአንድ መርከብ ምልክት ከካርታው መጥፋት ግን በራሱ ወንጀልን አያረጋግጥም። ጀልባ ማሳደድ የእናንተ ሥራ አይደለም፤ አደገኛም ነው። በሁለተኛው መዝገብ የመሥሪያ ቤቱን ሥራ አስቀምጡ፦ ስንት ጊዜ ቅኝት አደረገ፣ ስንት ጥቆማ ደረሰው፣ ስንቱን መረመረ፣ ስንት ቅጣት ጣለ። ይህን የመረጃ ነጻነት ሕግ ባለበት ሁሉ በጽሑፍ ጠይቁ።

ከዚያም ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጻፉ። የጣሰውን አንቀጽ፣ የደረሱትን ጥቆማዎች፣ የምትፈልጉትን እርምጃና የመልስ ቀነ ገደብ ዘርዝሩ፤ የተቀበለበትን ማኅተም ያለበት ቅጂም ያዙ። መልስ ቢነፍጋችሁ ዝምታው ራሱ ማስረጃ ይሆናል።

የክስ ጊዜ እንዳያልፍባችሁ ቶሎ ጠበቃ አማክሩ። በእንግሊዝ ለምሳሌ የመንግሥት ውሳኔ በፍርድ ቤት እንዲመረመር የሚቀርብ አቤቱታ ሳይዘገይ፣ ቢበዛ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። የመክሰስ መብታችሁንም አጣሩ። ኑሮው የተጎዳ አስጋሪ ወይም ማኅበሩ ብዙ ጊዜ ከሩቅ ተቆርቋሪ የተሻለ ከሳሽ ነው። ይሁንና ከሳሾቹ የሚፈርሙትን በሚገባ ይረዱት። እ.ኤ.አ. በ2019 በፊሊፒንስ በአስጋሪዎች ስም የቀረበ አንድ አቤቱታ፣ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ይዘቱ በሚገባ አልተነገረንም ካሉ በኋላ ጠበቆቹ ራሳቸው እንዲነሣ ጠይቀዋል።

በመጨረሻ የምትጠይቁትን ዳኝነት በጥንቃቄ ቅረጹ። መሥሪያ ቤቱ ጥፋተኛ ነው መባሉ ብቻውን አንድ መረብ እንኳ ከውኃ አያወጣም። የማኒላ የባሕር ወሽመጥ ነዋሪዎች ያገኙትን ተመልከቱ፦ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ብክለት የከሰሷቸው መሥሪያ ቤቶች ወሽመጡን እንዲያጸዱ የፊሊፒንስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 አዘዘ፤ የዓሣ ሀብት ቢሮው የባሕሩን ሕይወት እንዲያሻሽልና እንዲመልስ ታዘዘ፤ መሥሪያ ቤቶቹም በየሦስት ወሩ ሪፖርት እንዲያቀርቡ ተወሰነ። እናንተም ቀነ ገደብ ያለው የቁጥጥር ዕቅድ፣ በየጊዜው የሚቀርብ ሪፖርትና ትእዛዙ ሳይፈጸም ቢቀር በዚያው የክስ መዝገብ ወደ ችሎቱ የመመለስ መብት ጠይቁ።