ኮብልስቶንና ቧንቧ፦ የሚበተን ሞገድን በላፕቶፕ ማስላት

ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ስትወርዱ፣ ውስጥ ለውስጥ ባሉት የኮብልስቶን መንገዶች ዳር መሬት ላይ የተጋደመ የውሃ ቧንቧ ታያላችሁ። የሞገድ መበተንን፣ ማለትም የሬዲዮ ሞገድ ዕቃ ሲመታ በየአቅጣጫው የሚሄድበትን፣ ስሌት መማር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሻካራ ገጽ አለ፤ አጠገቡ የብረት ዕቃ አለ።

መጀመሪያ ለኩ። ሲባጎ ወጥራችሁ በየሁለት ሴንቲ ሜትሩ እስከ ድንጋዩ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ውሰዱ። ከዚህ ሁለት ቁጥር ይወጣል፦ ከፍታው ከአማካዩ የሚርቅበት መጠንና የአንዱ ነጥብ ከፍታ ከሌላው ጋር ያለው ዝምድና የሚጠፋበት ርቀት።

የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ የሞገድ ርዝመት 12.5 ሴንቲ ሜትር ነው። በሬይሊ መስፈርት፣ ከላይ በቀጥታ ለሚወርድ ሞገድ የከፍታ ልዩነቱ ከዚህ አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም ከ1.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከበለጠ ገጹ ሻካራ ነው። ሞገዱ ከመሬት በ30 ዲግሪ ዘምበል ብሎ ሲመጣ ግን ወሰኑ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ የሚመጣበትን አንግል ሳትወስኑ ወደ ኮድ አትግቡ።

ስሌቱን በሁለት ልኬት (2D) ጀምሩ፤ መንገዱን በቢላ የተቆረጠ ዳቦ አድርጋችሁ ከጎኑ እዩት። ቧንቧው ክብ ሆኖ ይታያል። ለቆመ ምሰሶ ይህ አይሆንም፣ ለተጋደመ ቧንቧ ግን ልክ ነው። ለጊዜው ድንጋዩንም እንደ ብረት ቁጠሩት።

5 ሜትር መንገድ ያዙ፤ 40 የሞገድ ርዝመት ማለት ነው። ለእያንዳንዱ የሞገድ ርዝመት 10 ነጥብ ብትሰጡ 400 ነጥብ ይሆናል። ዲያሜትሩ 6 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ቧንቧ ዙሪያ 20 ጨምሩ። በየነጥቡ ያለውን ያልታወቀ የገጽ ጅረት በአንድ ላይ በሚፈቱ እኩልታዎች በሚያገኘው በሞመንት ዘዴ የ420 በ420 ማትሪክስ ይወጣል፤ ፓይተን ላይ የትኛውም ላፕቶፕ በቅጽበት ይፈታዋል። የማትሪክሱ ቁጥሮች የሚመጡት ከሃንከል ፈንክሽን ነው፤ ከአንድ ነጥብ የወጣ ሞገድ ሌላው ነጥብ ላይ ምን ያህል እንደሚደርስ የሚገልጽ ቀመር ነው። ነጥቡ ከራሱ ጋር ሲገናኝ ፈንክሽኑ ወሰን አልባ ስለሚሆን፣ ዲያጎናሉን፣ ማለትም የማትሪክሱን ሰያፍ መስመር፣ በሎጋሪዝም ቀመሩ ለብቻው አስሉት። በሦስት ልኬት 40 በ40 የሞገድ ርዝመት ያለው ገጽ ግን 160,000 ነጥብ አለው። ሙሉ ማትሪክሱ ብቻ ከ400 ጊጋባይት በላይ ራም ይበላል።

ብዙዎች የሚወድቁት ጠርዝ ላይ ነው። መንገዱ 5 ሜትር ላይ ድንገት ሲያልቅ ሞገዱ ከጫፉ ይበተንና ውጤቱን ያበላሻል። የሞገድ መበተን ተመራማሪው ኤሪክ ቶርሶስ በ1988 ያቀረበውን፣ ወደ ጫፎቹ እየደከመ የሚሄድ ሞገድ ተጠቀሙ፤ የስፋት መለኪያውን ከመንገዱ ርዝመት ሩብ አካባቢ፣ እዚህ 1.25 ሜትር ላይ አድርጉት።

ከዚያ ኃይሉን መዝኑ። ብረት አይመጥም፤ ስለዚህ በሁሉም አቅጣጫ የተበተነው ድምር ከመጣው ጋር እኩል መሆን አለበት። ልዩነቱ ከመቶ አንድ በላይ ከሆነ ነጥብ ጨምሩ ወይም መንገዱን አርዝሙ።

አሁን ዋናው ነገር። ያንኑ መንገድ ቧንቧው እያለና ሳይኖር ሁለቴ አስሉና ቀንሱ። የሚቀረው የቧንቧው ብቻ አይደለም። ከቧንቧው በቀጥታ የተመለሰው፣ ከመሬት ነጥሮ ቧንቧውን የመታው፣ ከቧንቧው ወደ መሬት የወረደው፣ ሁለቴ መሬት የነካውም አለበት። ቧንቧውን ለብቻው አስልቶ መደመር እነዚህን ሁሉ ይጥላል።

አንድ መንገድ አይበቃም። በለካችኋቸው ሁለት ቁጥሮች ኮምፒውተሩ ሌሎች መንገዶችን ይፍጠር፤ በእያንዳንዱ ላይ ልዩነቱን አውጡና የኃይሉን አማካይ ውሰዱ። አማካዩ መዋዠቁን ሲያቆም ወደ እውነተኛው ድንጋይ እለፉ። እዚያ በየነጥቡ አንድ ሳይሆን ሁለት ያልታወቀ ይኖራል፤ የድንጋዩ ደረቅነትና እርጥበትም ውጤቱን ይለውጠዋል።