ያረጀ የኪችን ካቢኔት ሲታደስ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት ካቢኔቱን ሳይፈትሹ ቀለም ገዝቶ መምጣት ነው። በቅድሚያ የእቃ ማጠቢያውን ስር ይክፈቱና የታችኛውን ጣውላና የጎኖቹን ጠርዝ በአውራ ጣትዎ ጫን ጫን ያድርጉ። ካቢኔት የሚሠራባቸው የተጨመቀ እንጨት ጣውላዎች፣ ቺፑድም (ከእንጨት ፍቅፋቂ) ሆነ ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ የእንጨት ጭረት)፣ ውሃ ከጠጡ ያብጣሉ፤ ቢደርቁም ወደ ቦታቸው አይመለሱም። ጣትዎ ሰመጥ ካለ ወይም ጠርዙ ተነፍቶ ከተፈረፈረ ያንን ጣውላ ያስቀይሩ፤ ቀለም አያድነውም። ከማስቀየርዎ በፊት ግን ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው የሲፎኑ መጋጠሚያ ወይም በገንዳው ዙሪያ የተሰነጠቀው ሲሊኮን ነው። ሳጥኑ ጤነኛ ከሆነ ደግሞ ሁሉንም አፍርሶ አዲስ ማሠራት ገንዘብ ማባከን ነው፤ በሮቹን መቀባት ወይም በሮቹን ብቻ ማስቀየር ይበቃል።

ከሁሉም የከፋው ስብ ሳያስለቅቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ነው። የቁሌት እንፋሎት ለዓመታት በሮቹ ላይ ሲያርፍ፣ በተለይ ከምድጃው በላይና በእጀታው ዙሪያ፣ በጥፍር ሲቧጨር የሚነሳ ቢጫ የሚያጣብቅ ሽፋን ይሠራል። የብርጭቆ ወረቀት ይህን አያነሳውም፤ ስቡን ወደ ጭረቱ ውስጥ ያስገባዋል። ከዚያ ቀለሙ እዚያ ቦታ ላይ ክብ ክብ እየሆነ ይሸሻል፣ ወይም ቆይቶ ይላጣል። ስለዚህ በለብታ ውሃና በእቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ሁለት ጊዜ ይጠቡ፤ ሳሙናውን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ያስለቅቁና በደንብ ያድርቁ። ጣትዎ መንሸራተቱን ትቶ ያዝ ሲያደርግ ነው የጠራው። 180 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሥራውም አንጸባራቂነቱን ማደብዘዝ ብቻ ነው። ልባጡን (በጣውላው ላይ የተለጠፈውን ስስ ሽፋን) አልፈው ቺፑዱ ብቅ ካለ ከመጠን በላይ ፈግፍገዋል።

በለስላሳ ልባጥ ላይ ያለ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ አስቀድሞ የሚቀባ) መቀባት፣ ከግድግዳ የተረፈ ቀለም መጠቀምም ጭምር፣ ሥራውን በጥፍር የሚላጥ ያደርገዋል። ለስላሳ ገጽ ላይ የሚይዝ ፕራይመር አንድ እጅ፣ ከዚያ ቀለም ሁለት ስስ እጅ በስፖንጅ ሮለር ይቀቡ፤ በመሃል በ240 ቁጥር ዳበስ አድርገው አቧራውን ይጥረጉ። አንድ ወፍራም እጅ ይንጠባጠባል፣ ላዩ ደርቆ ውስጡ ይለሰልሳል። ነጭ ከመረጡ የዘይት ቀለም ብርሃን በማያገኝ ኩሽና ውስጥ ወደ ቢጫ እንደሚሄድ ይወቁ፤ በውሃ የሚቀጥነው ኢናሜል ይሻላል። በአኳራጅ ወይም በቲነር (በዘይት ቀለም ማቅጠኛዎች) የሚሠሩ ከሆነ የጋዝ ምድጃው ይጥፋ፣ መስኮቱ ይከፈት።

በሩ እንደተሰቀለ አይቀባም። ሲያወርዱ በበሩ ጀርባ ባለው ክብ የማጠፊያ ጉድጓድ ውስጥ ቁጥር ይጻፉና በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑት፤ ቀለም አያጠፋውም።

ሲነኩት እጅ ላይ የማይጣበቅ ቀለም ጠንክሯል ማለት አይደለም። በውሃ የሚቀጥነው ኢናሜል በሰዓታት ቢደርቅም ሙሉ በሙሉ የሚጠነክረው ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው። ቸኩለው የሰቀሉት በር ከሳጥኑ ጋር ይጣበቅና ሲከፈት ቀለሙን ቦጭቆ ይነሳል።

የተበላሸ የቪቴ ቀዳዳ ላይ ረዘም ያለ ቪቴ ማስገባትም የተለመደ ነው። የካቢኔቱ ጎን ብዙውን ጊዜ 16 ወይም 18 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ጫፉ በሌላ ወገን ይወጣል። ይልቅ ኮላ የተነከሩ የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨቶችን (ስቴኪኒ) ቀዳዳው እስኪሞላ ያስገቡ፤ ሲደርቅ ከጠርዙ እኩል ይቁረጡና የድሮውን ቪቴ መልሰው ያጥብቁ። በሩ ተጣሞ የተሰቀለ ቢመስልም ማጠፊያ ለመግዛት አይቸኩሉ፤ በማጠፊያው ክንድ ላይ ካሉት ሁለት ቪቴዎች ወደ በሩ የቀረበው ግራና ቀኝ፣ የኋለኛው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ያንቀሳቅሰዋል። አዲስ እጀታ ሲገዙ ከቀዳዳ መሃል እስከ ቀዳዳ መሃል ይለኩ፤ 96 እና 128 ሚሊ ሜትር የተለመዱ ናቸው። ልኩ ከገጠመ እስቱኮና አዲስ ቀዳዳ ይቀርልዎታል።

በመጨረሻ፣ ምጣዱን ከላይኛው ካቢኔት ስር አያኑሩት። አክንባሎው በተነሳ ቁጥር እንፋሎቱ በቀጥታ የሚያገኘው የበሩን የታች ጠርዝ ነው፤ ሲቀባ የሚረሳውም እሱ ነው። በሩን ገልብጠው ያንን ጠርዝ እንደ ፊቱ ሁለት እጅ ይቀቡት።