ስለ አናርኪዝም ሲወራ የሚደጋገሙ ስህተቶች

አናርኪዝም መንግሥትና ከላይ የሚጫን አለቃ ይቅር፣ ሰዎች ራሳቸውን በራሳቸው ያስተዳድሩ የሚል አስተሳሰብ ነው። እኛ አገር ግን «አናርኪስት» የሚለው ስም ስድብ ሆኖ ነው የገባው። ደርግ በቀይ ሽብር ጊዜ ኢሕአፓን እንዲህ እያለ ይወነጅል ነበር። ኢሕአፓ ግን ማርክሲስት ሌኒኒስት ፓርቲ ነበር፤ የታገለውም ሥልጣን ለመያዝ ነው። አንድን ቡድን አናርኪስት ከማለት በፊት ስሙን ማን እንዳወጣለት መጠየቅ ይበጃል።

ትልቁ ስህተት ግን አናርኪስት ሁሉ ድርጅት ጠል ነው ማለት ነው። ስፔንን እንይ። ሲኤንቲ የሚባለው አናርኪስቶች የሚበዙበት የሠራተኞች ማኅበር በ1910 ባርሴሎና ውስጥ ተመሠረተ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በጁላይ 1936 የጦር መኮንኖች ሪፐብሊኩ ላይ ሲያምፁ፣ ከተማዋ ውስጥ አመፁን ከመከቱት ግንባር ቀደሞቹ የማኅበሩ አባላት ነበሩ። ከዚያ ፋብሪካውን፣ ትራሙን፣ ፀጉር ቤቱን ሳይቀር ሠራተኞች ተረክበው በመረጡት ኮሚቴ አስተዳደሩት። ስብሰባ የሚሰለቸው ሰው እዚያ አንድ ሳምንት አይቆይም ነበር! ደንብ ማስፈለጉ አላከራከራቸውም። የሚያጨቃጭቃቸው ደንቡን ማን ያውጣ፣ የተመረጠውስ ሲያጠፋ ማን ያውርደው የሚለው ነበር።

ይህን ታሪክ እንደ ገድል ማንበብም ያሳስታል። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ አራት የሲኤንቲ ሰዎች ሚኒስትር ሆኑ፤ ፌዴሪካ ሞንትሴኒ ጤናን ያዘች። መንግሥትን የሚቃወም ሰው ካቢኔ ገብቶ ምን ይሠራል? ገሚሱ ጦርነት ላይ ነን፣ ምን ምርጫ አለን አለ። ገሚሱ ክህደት ነው አለ። ዛሬም ይነታረኩበታል።

አናርኪዝምን ከቦምብና ከግድያ ጋር ብቻ የሚያያይዙም አሉ። በእርግጥ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ማኪንሊ በ1901 የተገደሉት አናርኪስት ነኝ ባለ ሰው እጅ ነው። ግን በዚሁ ስም የሚጠቀሰው ሩሲያዊው ደራሲ ቶልስቶይ ወንጌልን ተመርኩዞ ጦርነትንም መንግሥትንም እምቢ ያለ ሰው ነው። በኢኮኖሚውም ቢሆን አንድ አይደሉም። በ1840 ራሱን አናርኪስት ብሎ የጠራው ፈረንሳዊው ጸሐፊ ፕሩዶን ገበሬውና የእጅ ባለሙያው የሚሠሩበትን እንዲይዙ፣ ያመረቱትንም በፍትሐዊ ዋጋ እንዲለዋወጡ ነበር የሚፈልገው። ሩሲያዊው አናርኪስት ክሮፖትኪን ደግሞ ደሞዝ ራሱ ይቅር፣ ሁሉም የሚያስፈልገውን ያህል ይውሰድ ባይ ነው።

የአርጀንቲናው ፕሬዚዳንት ሚሌይ ራሳቸውን አናርኮ ካፒታሊስት ይላሉ፤ መንግሥት ቀርቶ ሁሉም በግል ንብረትና በገበያ ይመራ ማለት ነው። ሌሎቹ ጎራዎች በአብዛኛው ዝምድናውን አይቀበሉም፤ ለእነሱ የፋብሪካ አለቃም ከመንግሥት እኩል ተጠያቂ ነው።

ደግሞ የሰፈር ምክር ቤት ባዩበት ሁሉ «እነዚህ አናርኪስቶች ናቸው» የሚሉ አድናቂዎች አሉ። የኩርዶች ትጥቅ ትግል መሪ አብዱላህ ኦጃላን ቱርክ ውስጥ ታስሮ፣ ስለ ሰፈር ምክር ቤቶች የጻፈውን የአሜሪካዊውን አሳቢ የመሬይ ቡክቺንን ጽሑፎች አነበበ፤ ከ2012 ጀምሮ የሰሜን ሶርያ ኩርዶች የሞከሩት የምክር ቤት አስተዳደር ከዚያ ብዙ ወስዷል። ቡክቺን ራሱ ግን በኋለኛ ዕድሜው የአናርኪስትነትን ስም ትቶታል። በ1994 ሜክሲኮ፣ ቺያፓስ ውስጥ የተነሱት የነባር ሕዝቦች ዓማፅያን ዛፓቲስታዎችም በዚህ ስም ራሳቸውን አይጠሩም። ተቀራራቢ ሐሳብ አላቸው ቢባል ይበቃል።