«ብሌድ ረነር»ን ጣና ዳር ለማሳየት

«ብሌድ ረነር» ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያመለጡ ሰው ሠራሽ ሰዎችን ስለሚያድነው ስለ ዴካርድ የሚተርክ ፊልም ነው። መጀመሪያ ቅጂውን አጣሩ። ፊልሙ በ1982 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ተመልካች ግራ እንዳይጋባ ተብሎ ዴካርድን የሚጫወተው የሃሪሰን ፎርድ ትረካ ተጨመረበት፤ መጨረሻውም እንዲያምር ተደረገ። ትረካው ዓይን ያየውን መልሶ ለጆሮ የሚነግር ነው፤ ፎርድም የግዱን የሚያነብ ይመስላል። ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት በ2007 ያወጣውን «ፋይናል ከት» (የመጨረሻ ቅጂ) ፈልጉ፤ 117 ደቂቃ ነው። የ1992ቱም ቅጂ ትረካ ስለሌለው መጨረሻ አካባቢ በምትታየው ርግብ ለዩት፦ በፋይናል ከት የምትበረው በሌሊት ሰማይ ነው፤ በፊተኞቹ ግን ሰማዩ ድንገት ሰማያዊ ይሆናል።

የፊልሙ ጉልበት ያለው ጨለማው ውስጥ ነው። ስለዚህ ግቢ ውስጥ የምታሳዩ ከሆነ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊት አትጀምሩ። ምስሉ ወርዱ የቁመቱን 2.4 እጥፍ ያህል ስለሆነ 3 ሜትር ወርድ ባለው አቡጀዲ ላይ ቁመቱ 1 ሜትር ከ25 ብቻ ይሆናል፤ የትርጉም ጽሑፉን ከሥር ባለው ጥቁር ቦታ ላይ አውሉት። የአቡጀዲውን የታች ጠርዝ ሰፍታችሁ ሸምበቆ አስገቡበት፤ አለበለዚያ የሐይቁ ነፋስ ሎስ አንጀለስን ያወዛውዛታል። የፕሮጀክተሩን የምስል ምርጫ ከ«ዳይናሚክ» ወደ «ሲኒማ» መልሱት። ዴካርድ የሚወዳት ራቼል ስታጨስ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ የሚወጣው የጢስ ክር ካልታየ፣ ማስተካከያው ገና ነው።

ትንኝ ብርሃን ይወዳል፤ ከተመልካቹ ጀርባ ራቅ አድርጋችሁ አንድ አምፖል አብሩለት። መብራት ጠፍቶ ከመጣ ፕሮጀክተሩን ወዲያው አታስነሱ፤ አምፖሉ ሳይቀዘቅዝ ከተነሳ ዕድሜው ያጥራል። በክረምት ደግሞ ኮርኒስ ያለው አዳራሽ ያዙ። የፊልሙ ዝናብ ላይ የቆርቆሮው ሲጨመር ያምራል የሚል አይጠፋም፤ ግን የቫንጌሊስ ሙዚቃም ንግግሩም አይሰማም።

ድክመቱን አስቀድማችሁ ተናገሩ። ታሪኩ ቀጭን ነው፤ የመጀመሪያው ሰዓት ይንቀረፈፋል። አዳኙ ዴካርድ ከሚያድናቸው ያነሰ ሕይወት አለው፤ የሚታደኑትን መሪ የሚጫወተው ሩትገር ሃወር በመጣ ቁጥር ፊልሙን ይወስድበታል። በ1982ቱ ቅጂ ስሌቱም አይገጥምም፦ ስድስት ሰው ሠራሽ ሰዎች አመለጡ፣ አንዱ ሞተ፣ የሚፈለጉት ግን አራት ናቸው። በፋይናል ከት ሟቾቹ ሁለት ተብለው ተስተካክሏል። ያልተስተካከለው ዴካርድ በሩን ዘግቶ ራቼልን የሚያስገድድበት ክፍል ነው፤ ሙዚቃው ፍቅር ነው ይላል፣ ዓይን ግን ሌላ ያያል። ከፊልሙ በኋላ ውይይት ካሰባችሁ ከዚህ ጀምሩ።

ስሞቹ ሲያልፉ መብራት አታብሩ፤ ከሙዚቃው ምርጡ ያኔ ነው የሚመጣው። ሲያልቅ 3 ሰዓት ተኩል ስለሚሆን ባጃጅ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።