ልጅ ጉንፋን ሲይዘው ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክረምት ሲገባ ንፍጥና ሳልም አብረው ቤት ይገባሉ። ትንንሽ ልጆች በዓመት ስድስት፣ ስምንት ጊዜ ጉንፋን ሊይዛቸው ይችላል። ኬጂ ከጀመሩ ደግሞ ከዚህም ሊበዛ ይችላል። የእናት ጥፋት አይደለም። ጉንፋን የሚያመጡት ቫይረሶች ከ200 በላይ ናቸው፤ የልጁ ሰውነት ገና እየተላመዳቸው ነው። አብዛኛው ጉንፋን ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ በራሱ ይለቃል። ሳሉ ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። እስከዚያው የእኛ ሥራ ልጁን እንዲቀለው መርዳትና አተነፋፈሱን መከታተል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ጉንፋኑን ቶሎ ለማባረር ሲባል የሚደረገው ነገር ነው።

መስኮት መዝጋት

ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው መስኮት ሲከፍት «ኧረ ዝጉት፣ ልጁን ብርድ ይመታዋል!» የሚል አይጠፋም። ጉንፋን ግን የሚመጣው ከቫይረስ ነው። ቫይረሱ የሚተላለፈው በሳል፣ በማስነጠስና በእጅ ነው። ሰው በታጨቀበት ዝግ ቦታ ደግሞ የበለጠ ይዛመታል። ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። በሩና መስኮቱ ተዘግቶ፣ ከሰል ተቀጣጥሎ፣ ዕጣን እየጨሰ ሕፃኑ እዚያው ይተኛል። ጭሱ አፍንጫውንና ሳንባውን ያስቆጣዋል፣ ሳሉም ይብስበታል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ሰው እንደሚገድልም አትርሱ። ልጁን ደህና አድርጋችሁ አልብሱት፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ ቡናውን ራቅ አድርጋችሁ አፍሉ።

ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሁሉ ሕፃን መሳም አለበት ብለን የምናስበውም ነገር ይቅር። «ጉንፋን ይዞኛል፣ አልስመውም» የሚል እንግዳ ሊመሰገን ይገባል። ልጁን የሚያቅፍ ሰው መጀመሪያ እጁን በሳሙና ለ20 ሰከንድ ያህል ይታጠብ።

ትኩሳት ያለበትን ልጅ በጋቢ መጠቅለል

«ያልበው፣ ይወጣለታል» ይባላል። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ግን ትኩሳቱ ይጨምራል። ቀለል ያለ ልብስ ይበቃዋል። በአልኮል ማሸት ወይም በቀዝቃዛ ውሃ መንከርም አይገባም።

ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት መስጠት

አሞክሲሲሊንም ሆነ ሌላ አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይገድልም። ንፍጡ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ስለሆነ ብቻም መድኃኒቱ ያስፈልጋል ማለት አይደለም። በጉንፋን መሀል የሚታይ የተለመደ ለውጥ ነው። ለታላቁ ታዞ የተረፈውን ሽሮፕ ለታናሹ መስጠት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። የተበጠበጠ ሽሮፕ እንደ ዓይነቱ ከ7 እስከ 14 ቀን ብቻ ነው የሚያገለግለው።

የሳል ሽሮፕና የተደራረበ መድኃኒት

የሳልና የጉንፋን ሽሮፖች ለትንንሽ ልጆች ጥቅማቸው አልታየም፤ ጉዳታቸው ግን ይታወቃል። ልብ ያስመታሉ፣ ከልክ በላይ ያስተኛሉ። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ በፍጹም አትስጡ። አስፕሪንም ለልጅ አይሰጥም፤ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ከባድ ሕመም ሊያስከትል ይችላል።

ልጁ አተኩሶት ከተነጫነጨ ፓራሲታሞል ይበቃል። መጠኑ በኪሎው ነው፦ በአንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም። ከአንዱ ጊዜ እስከ ሌላው ቢያንስ 4 ሰዓት ይኑር፣ በ24 ሰዓት ውስጥም ከ4 ጊዜ አይብለጥ። የሽሮፖች ጥንካሬ ስለሚለያይ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚሆን ፋርማሲስቱን ጠይቁ። የቤት ማንኪያ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ስለሆነ በሲሪንጅ ለኩ። ከ3 ወር በታች ላለ ሕፃን ሐኪም ሳያየው አትጀምሩ።

ማር፣ ፌጦ፣ እንፋሎት

ማር ሳልን በእውነት ያስታግሳል። ለመኝታ ሲቃረብ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቢቀምስ ሌሊቱ ይቀልለታል። ይህ ግን አንድ ዓመት ለሞላው ልጅ ነው። ከዚያ በታች ላለ ሕፃን ማር ቦቱሊዝም የሚባል፣ ጡንቻን የሚያዝል አደገኛ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ጣት ላይ አድርጎ ማስላስም ያው ነው።

ፌጦና ነጭ ሽንኩርት የሕፃን አፍና ሆድ ያቃጥላሉ። ቪክስ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይቀባም፤ አፍንጫ ውስጥ ለማንም አይገባም። የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ ልጅን ማጠንም ይቅር፤ የፈላው ውሃ ተደፍቶ የሚያቃጥለው ልጅ አለ።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው የጨው ውሃ ነው። አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍሉና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩበት። ሲቀዘቅዝ በየአፍንጫው ቀዳዳ ሁለት ሦስት ጠብታ አድርጉና ንፍጡን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ጡት ከማጥባትና ከማስተኛት በፊት ቢደረግ ጥሩ ነው፤ አፍንጫው የተደፈነ ሕፃን እየጠባ መተንፈስ ያቅተዋልና። በየቀኑ አዲስ አዘጋጁ።

እንጥል ማስቆረጥ

ሳል የበዛበትን ልጅ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ ወደ ባህላዊ ቆራጭ መውሰድ ዛሬም አልቀረም። እባካችሁ ይቅር። እንጥል ጉንፋን አያመጣም፣ ሲቆረጥም ሳል አይድንም። የሚመጣው መድማት፣ ቁስል ማመርቀዝ፣ ቴታነስ ነው። ሕይወታቸው ያለፈ ልጆች አሉ። አያት ወይም ጎረቤት ሲገፋፉ በአክብሮት ግን በጽናት እምቢ ማለት ያስፈልጋል።

ምግብና ክትባት ማስቀረት

ወተት አክታ አያበዛም፣ ብርቱካንም ሳል አያብስም። ልጁ የፈለገውን ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይብላ፤ ፈሳሽም ይጠጣ። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ጡት ብቻ ይጥባ፤ የጤና አዳም ሻይም ሆነ ውሃ አያስፈልገውም።

«ጉንፋን ይዞታል» ተብሎ የክትባት ቀጠሮ የሚያልፍበት ልጅም ብዙ ነው። ቀላል ጉንፋን ክትባትን አይከለክልም። በኢትዮጵያ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናት የሚሰጠው የኒሞኮካል ክትባት ጉንፋንን ባይከላከልም፣ ለሞት የሚያደርሰውን የሳንባ ምች ይከላከላል።

አተነፋፈስን አለማየት

ትኩሳት ሁላችንንም ያስደነግጣል፤ የትንፋሽ መፍጠን ግን ብዙ ጊዜ ልብ አይባልም። ልጁ ሲረጋጋ ልብሱን ገልጣችሁ ሆዱ ወይም ደረቱ በአንድ ሙሉ ደቂቃ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል በስልካችሁ ሰዓት ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች ከሆነ 60 እና በላይ፣ ከ2 ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና በላይ፣ ከአንድ እስከ 5 ዓመት 40 እና በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ልጁ በዚያው ቀን ይታይ። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ ሁሉን የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው ወይም የማይነቃ ልጅ ለአንድ ሰዓትም አይቆይ። ቀኑ ቢመሽም፣ ጎረቤት ቀስቅሳችሁም ቢሆን፣ አቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት። ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌላ ምልክት ባይኖረውም እንኳ ወዲያው ሐኪም ይየው።